አራተኛ ፎቅ ስንት ሰው ይይዛል?

እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ አንድ ቤት ሞላ የሚባለው ቀጣዩ ሰው መግባት ሲያቅተው ነው ብዬ አምን ነበር። አትፍረዱብኝ። ዕድሜውን ሙሉ ከመገናኛ ገርጂ በሚኒባስ የተመላለሰ ሰው ሌላ ምን ሊያምን ይችላል? ረዳቱ «አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ሲጣራ፣ ውስጥ ያለነው እርስ በርሳችን ተያይተን ያ አንድ ሰው የት ሊገባ ነው ብለን እንገረማለን። ሰውየው ግን ይገባል። ገብቶም ይቀመጣል። ተቀምጦም ስልክ አውጥቶ ያወራል፣ ያውም በክርኑ እየታገዘ። እንግዲህ እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ያሳደገኝን እኔን ነው ወይዘሮ ገነት ጠርተው «አራተኛ ፎቅ ስንት ሰው እንደሚይዝ አስላ» ያሉኝ።

ወይዘሮ ገነት አለቃዬ ናቸው፤ የጽዳት ዕቃ የሚያስመጣ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ። እኔ ደግሞ የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊ ነኝ። ይህም ማለት አምፖል ሲቃጠል የሚጠራ፣ ውሃ ሲጠፋ የሚወቀስ፣ ሊፍት ሲቆም ደግሞ ሊፍቱን በእጁ የሠራው ይመስል ሰው ሁሉ የሚያፈጥበት ማለት ነው።

ድርጅታችን አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ቢሮ ነበረው፤ አንዱ ሃያ ሁለት በሚባለው ሰፈር፣ ሌላው ሩዋንዳ በሚባለው። ሁለቱን ለቀን ገርጂ አዲስ ሕንፃ ላይ፣ አራተኛ ፎቅን ሙሉውን ተከራይተን ተጠቃለልን። ከሃያ ሁለት ሠላሳ አንድ ሰው፣ ከሩዋንዳ ሃያ ስድስት፣ በድምሩ ሃምሳ ሰባት ነፍስ። የሃያ ሁለት ሰዎች የሩዋንዳዎቹን «ኩራተኞች» ይሏቸዋል፤ የሩዋንዳዎቹ ደግሞ እኛን «ጯሂዎች» ይሉናል። እኔ ከሃያ ሁለት ስለመጣሁ አድሎ እንዳይመስልብኝ ነገሩን ሳልፈርድ አልፈዋለሁ፤ ኩራተኞች መሆናቸውን ግን ሳልነግራችሁ ብቀር ያንቀኛል።

በገባን በሳምንቱ የሕንፃ ደህንነት የሚቆጣጠር መሥሪያ ቤት የላካት አንዲት ወጣት መሐንዲስ መጣች። ሂሩት ትባላለች። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ቢጫ ቆብ በብብቷ የያዘች ልጅ ናት። ግራ ቀኙን ስታይ ቆየችና ወደ እኔ መጣች።

«ጋሼ፣ በዚህ ፎቅ ላይ በአንድ ጊዜ ቢበዛ ስንት ሰው እንዲኖር ነው የተፈቀደው?»

«ጋሼ» ያለችው ማንን እንደሆነ ለማወቅ ወደ ኋላዬ ዞሬ አየሁ። ማንም የለም። ለካ እኔ ነኝ።

«ገና አልሞላም» አልኳት።

አንድ ነገር ጻፍ አደረገች። እንደዚያ አቀርቅሮ የሚጻፍ ነገር መቼም ለሰው በጎ ሆኖ አያውቅም። «እንግዲያው ባለሙያ ያስላላችሁ፤ ቁጥሩን በር ላይ ለጥፉት፤ እኔ በሳምንቱ መጥቼ አረጋግጣለሁ» ብላ ሄደች።

ወይዘሮ ገነት ይህን ስነግራቸው አልተጨነቁም። «ባለሙያማ አለን!» አሉ እጃቸውን ወደ እኔ ዘርግተው። «ከሃያ ሁለት ስንወጣ ያንን ሁሉ ካርቶን አንድ አይሱዙ ላይ ያስገባህ አንተ አይደለህ?»

እውነት ነው፣ አስገብቼአለሁ። በሙያዬ ከፍተኛው ክብር ያ ነው። ልቤ አበጠና «ችግር የለም» አልኩ። በሕይወቴ ያመጣሁት ጣጣ ሁሉ የጀመረው «ችግር የለም» ካልኩ በኋላ ነው።

መለኪያ ስላልነበረኝ ምድር ቤት ካለው ልብስ ሰፊ ሜትሩን ተዋስኩ። የልብስ ሰፊ ሜትር ርዝመቱ አንድ ሜትር ተኩል ነው። ስድስት መቶ ካሬ ሜትር ወለል በአንድ ሜትር ተኩል ጨርቅ መለካት ምን ማለት እንደሆነ ሞክራችሁ እዩት። በጉልበቴ እየዳህኩ፣ እያንዳንዱን ልክ በጠመኔ ምልክት እያደረግሁ፣ ከጠረጴዛ ሥር ስገባ ሴቶቹ እግራቸውን እያነሡ፣ ግድግዳው ጋ ልደርስ ሦስት ልክ ሲቀረኝ ሁለት ጊዜ ስልክ ተደውሎልኝ ቁጥሩ ጠፋብኝ። ሁለቱም ጊዜ የደወሉት ወይዘሮ ገነት ናቸው። «የት ደረስክ?» ሊሉኝ።

ወለሉ ከተለካ በኋላ የቀረው ሰው ነው። አንድ ሰው ስንት ቦታ ይይዛል? ለዚህ የመረጥኩት በረከትን ነበር። በረከት የሒሳብ ክፍል ኃላፊ ነው፤ ከሃያ ሁለት ጀምሮ ወዳጄ ነው፤ በትከሻውም በልቡም ሰፊ ሰው ነው። እሱ ከገባ ማንም ይገባል ብዬ ነው። ወለሉ ላይ በጠመኔ አንድ ካሬ ሜትር ሠርቼ ማዕዘኑ ላይ አቆምኩት።

«ስተነፍስ ነው የምትለካኝ፣ ሳልተነፍስ?» አለኝ።

«እንደ ሥራ ሰዓት ሁን» አልኩት።

በዚያ ካሬ ውስጥ አራት በረከት ይገባል። ከንፈሬን እየነከስኩ አባዛሁት። ስድስት መቶ ሲባዛ በአራት፤ ሁለት ሺህ አራት መቶ ሰው! ወይዘሮ ገነት ቁጥሩን ሲሰሙ ከወንበራቸው ተነሡ። «እና እኛ ሃምሳ ሰባት ሆነን ነው የተጨነቅነው? የሐዋሳውንም ቅርንጫፍ እናምጣዋ!» አሉ።

በትልልቅ ፊደል «ይህ ፎቅ 2,400 ሰው ይይዛል» ብዬ ጻፍኩ፣ ላሚኔት አስደረግሁ፣ በሩ ላይ ለጠፍኩ። በማግሥቱ ጠዋት አንድ ሰው ከሥሩ በእስክሪብቶ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ብሎ ጨምሮበታል። የእጅ ጽሑፉ የሩዋንዳ ነው።

ረቡዕ ዕለት ሂሩት ተመልሳ መጣች። ወረቀቱ ፊት ቆመች። ለረጅም ጊዜ ቆመች። ሰው አራት አሃዝ ለማንበብ ያን ያህል አይቆምም።

«ጋሼ፣ ሁለት ሺህ አራት መቶው ቆመው ነው?»

«ከተቀመጡማ ይቀንሳል» አልኳት፣ ነገሩ እንደገባኝ ለማሳየት።

«በየት ነው የሚወጡት?»

«በገቡበት ነዋ!»

እጄን ያዝ አድርጋ ወደ መግቢያው የመስታወት በር ወሰደችኝ። «ሊወጡ ነው እንበል። ይክፈቱት» አለች። በሩ የሚከፈተው ወደ ውስጥ ነው፤ መያዣውን ይዤ ልስበው ስል ከኋላዬ መዳፏን ጀርባዬ ላይ አድርጋ ገፋችኝ። እንደነገርኳችሁ ቀጭን ልጅ ናት፤ ግን አፍንጫዬ መስታወቱ ላይ ተለጠፈ። በሩ ወደ እኔ መምጣት ይፈልጋል፤ እኔ ደግሞ ወደ በሩ ተገፍቻለሁ። በመስታወቱ ማዶ የነበረው የጥበቃ ሠራተኛ ፊቴን አይቶ ሰላምታ ሰጠኝ።

«ይሄ የእኔ አንድ እጅ ነው» አለች ሂሩት። «ጭስ ቢኖር ከኋላዎ ሃምሳ ሰው ነው የሚሆነው።»

ለእኔ ቀልዱ ያኔ አበቃ።

ከቦርሳዋ የሕንፃውን ፕላን አወጣች። በፕላኑ ላይ ሁለት ደረጃ አለ። እኔ የማውቀው አንድ ነው። እየፈለግን ሄደን ሁለተኛው በር የት ተገኘ መሰላችሁ? ራሴ አስገፍቼ ካስቀመጥኩት የፋይል መደርደሪያ ጀርባ። ተቆልፏል። በስንጥቁ አጮልቀን ስናይ የሚታየው ሌላ ነገር ሳይሆን የስፖንጅ ፍራሽ ነው። አበባ ያለበት ፍራሽ።

«ቢሮ ውስጥ ሰው ይሠራል እንጂ አይከመርም» አለችኝ ሂሩት፣ ቀስ ብላ፣ ልጅ እንደምታስረዳ። «ጠረጴዛ አለው፣ መደርደሪያ አለው፣ መተላለፊያ ይፈልጋል። ለአንድ ሰው አሥር ካሬ ሜትር ያህል ያዙ። ስድስት መቶ ለአሥር፣ ስልሳ ሰው። ዋናው ግን ወለሉ አይደለም ጋሼ፣ መውጫው ነው። ይሄ ደረጃ እንደተዘጋ ከሆነ እኔ ከአርባ ስምንት ሰው በላይ አልፈርምም። እስከ ሰኞ ጊዜ አላችሁ።»

ቆጠርኩ። ከሃምሳ ሰባት አርባ ስምንት ሲቀነስ ዘጠኝ።

ነገሩን ለወይዘሮ ገነት ነገርኳቸው። የሃያ ሁለቱን ቢሮ ቁልፍ አስረክበናል፤ ሩዋንዳ ሌላ ተከራይ ገብቶበታል። «ዘጠኝ ሰው የት አባቴ ላድርግ?» አሉ፤ ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው «በል፣ ዝርዝር አዘጋጅ። ባይኖሩ ሥራ የማይበደል ዘጠኝ ሰዎች። ለጊዜው ቤታቸው ይቆዩ» አሉ።

«ለጊዜው ሲሉ ለስንት ጊዜ ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ!» አሉ፤ ድምፃቸው ግን የተቆጣ ሰው ድምፅ አልነበረም።

ለጊዜው ቤትህ ቆይ የተባለ ሰው ምን እንደሚሆን እናንተም ታውቃላችሁ፣ እኔም አውቃለሁ። መጥፎው ነገር ደግሞ የቢሯቸው በር ገርበብ ብሎ ነበር። ጠረጴዛዬ ጋ እስክደርስ ድረስ ወሬው ቀድሞኝ ደርሶ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። «ዘጠኝ ሰው ሊያስወጣ ነው። በሜትር እየለካ።»

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ በሕይወቴ አይቼው የማላውቀው ፍቅር ወረደብኝ። ሐሙስ ጠዋት እስከ አራት ሰዓት ብቻ አምስት ማኪያቶ መጣልኝ። እምቢ ማለት ክፉ ያስመስለኛል ብዬ አምስቱንም ጠጣሁ፤ እጄ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ እጄ ሲንቀጠቀጥ ያዩ ደግሞ «ስማችንን ሊጽፍ ስለሆነ ነው» አሉ። የሩዋንዳ ኩራተኞች በስሜ ጠሩኝ። ያ ሜትር አንገቴ ላይ ተንጠልጥሎ በመተላለፊያው ሳልፍ ሰው ሁሉ ሆዱን ወደ ውስጥ ይስባል። እስካልፍ ትንፋሹን ይይዝና ሳልፍ ይለቀዋል፤ ከኋላዬ «እፍፍ» የሚል ነፋስ ይከተለኛል።

ከሽያጭ ክፍል አንዲት ነፍሰ ጡር ልጅ ወደ ጠረጴዛዬ መጣች። ቆመች። «ልጠይቅህ» አለች፤ «እኔ አንድ ነኝ ወይስ ሁለት ሆኜ ነው የምቆጠረው?»

«አንድ ነሽ» አልኳት። ቀልድ መስሎኝ ልስቅ ስል ዓይኗን አየሁ። ቀልድ አልነበረም።

በምሳ ሰዓት ደግሞ በረከትን ፈለግሁት። ሁልጊዜ አብረን ነው የምንበላው። ምሳ ዕቃውን ሳይከፍት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ውሃ ይጠጣል።

«ጾም ጸሎት ይዘሃል እንዴ?» አልኩት፤ ጴንጤ ስለሆነ በየጊዜው ይይዛል።

«አይ» አለ። ትንሽ አፈረ። «ያው ስትለካኝ አየሁት አይደል። ሰፊ ሰው ቦታ ይይዛል። እስከ ሰኞ ትንሽ ብቀንስ ብዬ ነው። ሁለቱ ልጆቼ ትምህርት ቤት ናቸው።»

«በረከት፣ አንተን የለካሁህ ለማስገባት ነው እንጂ ለማስወጣት አይደለም» አልኩት። «ጌታ ይባርክህ» አለኝ፤ ምሳ ዕቃውን ግን አልከፈተም።

ወረቀት አወጣሁ። ከአንድ እስከ ዘጠኝ ቁጥር ጻፍኩ። ተራ ቁጥር አንድ ላይ የአንዱን የሩዋንዳ ሰው ስም አሰፈርኩ፤ ምክንያቱም ጠዋት ጠዋት ሰላም አይለኝም። ቀለሙ ሳይደርቅ ሰውየው ስድስተኛውን ማኪያቶ ይዞ መጣ። ሰረዝኩት። ሌላ ስም ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ። እንዲህ እየሆነ አሥራ አንድ ስም ጽፌ አሥራ አንዱንም ሰርዤ፣ ወረቀቱን ቀድጄ ኪሴ ከተትኩና የሕንፃውን ባለቤት ፍለጋ ወረድኩ። ያ ደረጃ ካልተከፈተ እኔ ራሴ ቤቴ ልቆይ እንጂ ይህን ዝርዝር አልጽፍም አልኩ።

ባለቤቱ ሐጂ ሙዘይን ናቸው። ከስልጤ በልጅነታቸው መጥተው ከአንዲት የመርካቶ በረንዳ ተነሥተው እዚህ የደረሱ፣ ጨዋታ የሚወዱ፣ ትልቅ ሰው ናቸው። ምድር ቤቱ ላይ የፍራሽ መደብር አላቸው።

«ሐጂ፣ ያ የኋላ ደረጃ...»

«የትኛው?»

«ፍራሽ ያለበት።»

«እሱማ መጋዘን ነው።»

«በፕላኑ ላይ ደረጃ ነው ሐጂ።»

ሳቁ። «ልጄ፣ ይሄ ሕንፃ ካለቀ ጀምሮ በዚያ ደረጃ አንድ ሰው እንኳ ሲወርድ አይቼ አላውቅም። አንድ ሰው ቢወርድበት ኖሮ ወላሂ ፍራሼን አወጣ ነበር።»

«በፍራሽ ተሞልቶ ሰው እንዴት ይወርድበታል?»

«እኮ!» አሉ፣ እኔ እሳቸውን የደገፍኩ ይመስል። ከዚያ አዘኑልኝ መሰለኝ ቁልፉን ከመሳቢያ አውጥተው ሰጡኝ። «ሂድ ለካው፤ ስፋቱን ንገረኝና አስብበታለሁ።»

ወደ አራተኛ ፎቅ ወጣሁ። ሰው ሁሉ ለምሳ ወጥቷል፤ መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ እያጓራ ነው። መደርደሪያውን በትከሻዬ ገፋሁ፣ በሩን ከፈትኩ፣ ሜትሬን ይዤ ገባሁ። አንድ ደረጃ ወረድ ብዬ ጎንበስ ስል ከኋላዬ ነፋስ በሩን ገጭ አደረገው።

በዚያ በኩል መያዣ የለውም። ቀዳዳ ብቻ ነው። ቁልፉ በማዶ በኩል በሩ ላይ ተሰክቷል። ስልኬ ጠረጴዛዬ ላይ ቻርጅ እየተደረገ ነው።

ደበደብኩ። ጮህኩ። ጄኔሬተሩ ከእኔ በላይ ይጮሃል። አሥር ደቂቃ ያህል ከታገልኩ በኋላ «ደረጃ አይደል? እወርዳለሁ» አልኩ።

ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ጥሩ ነበር። ፍራሾቹ በግድግዳው ተደርድረው ቆመዋል፤ ጎኔን ሰጥቼ፣ እኔም እንደ ሰዎቹ ሆዴን ስቤ አለፍኩ። ከሦስተኛው በታች ግን ፍራሹ ደረጃውን ከጥግ እስከ ጥግ ዘግቶታል። በላዩ ወጣሁ። በጣሪያውና በፍራሹ መካከል ያለው ክፍተት እንደ ፖስታ ሳጥን አፍ ነው። እኔ ደግሞ ፖስታ አይደለሁም። በሆዴ እየተሳብኩ ገባሁ። ጨለማ ነው፤ የአዲስ ስፖንጅ ሽታ አፍንጫዬን ሞልቶታል፤ ላስቲኩ ፊቴ ላይ ይጣበቃል፤ ላብ አጠመቀኝ። መሐል ላይ ስደርስ ወደ ፊትም ወደ ኋላም አልሄድ አልኩ።

እዚያ ላይ ነው የፈራሁት። በእውነት ፈራሁ። እስከዚያ ድረስ በአእምሮዬ ውስጥ የነበረው ቁጥር ነበር፤ ስልሳ፣ አርባ ስምንት፣ ዘጠኝ። እዚያ ተጨናንቄ ተኝቼ ግን «አሁን ከላይ ጭስ ቢመጣስ?» አልኩ። በረከት ከኋላዬ ቢሆንስ? ያቺ ነፍሰ ጡር ልጅ ብትሆንስ? እኔ ጉልበተኛ ሰው፣ ጭስ በሌለበት፣ የሚገፋኝ በሌለበት፣ ብቻዬን አንዲት ደረጃ መውረድ አቃተኝ። እናቴን ጠራሁ። ማርያምንም ጠራሁ፤ ማናቸው ፈጥነው እንደደረሱ አላውቅም፣ ፍራሹ ከሥሬ ተንሸራተተ።

አንድ ፍራሽ አይደለም፤ ሁሉም። እንደ ጎርፍ። ሁለተኛ ፎቅን በጀርባዬ አለፍኩት፣ አንደኛን በጭንቅላቴ። ሲቆም ከታች ባለው በር ላይ ተለጥፌ ቀረሁ፤ እግሬ ወደ ላይ ነው፤ በላዬ ምን ያህል ፍራሽ እንዳለ ፈጣሪ ይወቀው። አልተጎዳሁም፤ እንኳን ልጎዳ፣ በሕይወቴ እንደዚያ የተመቸ ቦታ ወድቄ አላውቅም። ከበሩ ማዶ፣ ግቢው ውስጥ፣ የሐጂ ድምፅ ይሰማኛል። ከደንበኛ ጋር ያወራሉ።

«ሐጂ!» አልኩ።

ድምፁ ቆመ።

«ሐጂ ሙዘይን!»

«አዑዙ ቢላሂ...» ሲሉ ሰማሁ። ደንበኛው ሲሮጥም ሰማሁ። ከዚያ ጠጋ ብለው «ማነህ? ከየት ነህ?» አሉ።

«እኔ ነኝ! አራተኛ ፎቅ!»

«አራተኛ ፎቅ ከሆንክ እዚህ ፍራሽ ውስጥ ምን ትሠራለህ?»

«እየወረድኩ ነው!»

በሩ ተከፈተ። ሐጂና የጥበቃው ሠራተኛ ክንዴን ይዘው ጎትተው አወጡኝ። ፀጉሬ ላይ ስፖንጅ፣ ሸሚዜ ከሱሪዬ ወጥቶ፣ ሜትሩ አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ፣ ከጫማዬ አንድ እግር ጎድሎኝ መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ። እሳቸው ይስቃሉ ብዬ ጠበቅሁ። አልሳቁም። ውሃ አምጥተው አጠጡኝ።

«ስንት ሰዓት ገባህ?»

«ሰባት ሰዓት ላይ።»

ሰዓታቸውን አዩ። ለስምንት አሥር ጉዳይ ነው። ቀና ብለው ያንን የተደፈነ ደረጃ አዩት። የሐጂ የመጨረሻ ሴት ልጅ ፈትያ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የጥርስ ክሊኒክ አላት፤ የሰው አፍ ስትከፍት ነው የምትውለው። ዓይናቸው እዚያ ፎቅ ላይ ሲደርስ ቆመ። ጺማቸውን ያዙ።

«ያ ረቢ» አሉ ለራሳቸው። «እኔ በልጄ መውጫ ላይ ነው ፍራሽ የነገድኩት?»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «አንድ ሰው ቢወርድበት አወጣለሁ ብዬ ምያለሁ አይደል? ወርደሃል። ዛሬውኑ ይውጣ» አሉ።

እንዴት እንደተወራ አላውቅም፤ ሰው ከምሳ ሲመለስ ነገሩ ሕንፃውን አዳርሷል። ሳልጠራቸው መጡ። ሃያ ሁለትም ሩዋንዳም። በረከት ኮቱን አወለቀና ከላይ ሦስት ፍራሽ አንድ ላይ ተሸከመ፤ ያ ስፋቱ ለምን እንደተፈጠረ ያን ቀን ነው የታየው። ከላይ እስከ ታች በደረጃው ተሰልፈው ፍራሽ ይቀባበሉ ጀመር። ያ ሰላም የማይለኝ ሰውዬ «ተቀበል፣ ወንድሜ» እያለ ያቀብለኛል። ነፍሰ ጡሯን ማንም አላስነካትም፤ ግቢው ውስጥ ከወጡት ፍራሾች አንዱ ላይ አስቀምጠዋት እሷ ትቆጥራለች። ክሊኒኩ ውስጥ ተራ ይጠብቅ የነበረ አንድ በሽተኛ ሳይቀር ጉንጩ አብጦ አገዘ።

ወይዘሮ ገነት መጡ። ረጅም ጫማቸውን አውልቀው ባዶ እግራቸውን አንድ ትራስ ይዘው ወረዱ። ትራስም ቢሆን ዕቃ ነው። አጠገቤ ሲደርሱ ቆም አሉ።

«ዝርዝሩን አዘጋጀህ?»

«አላዘጋጀሁም» አልኩ። «አልችልም ወይዘሮ ገነት።»

«እኔም ጀምሬ ነበር» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አንድ ስም ብቻ ጽፌ አቆምኩ።»

«የማንን?»

«ያንተን። ሁለት ሺህ አራት መቶ ያልከው አንተ ነሃ!»

ትራሳቸውን ተቀብዬ አሳለፍኩ።

አርብና ቅዳሜ ሐጂ ሠራተኛ አምጥተው የደረጃውን በሮች መያዣ አስገጠሙ፤ የእኛ የመስታወት በርም ወደ ውጭ እንዲከፈት ተገለበጠ። መደርደሪያውን እኔው ራሴ ሌላ ቦታ ወሰድኩት። ፍራሾቹ ወደ ሌላ መጋዘን በመኪና ሄዱ።

ሰኞ ጠዋት ሂሩት መጣች። ሁሉን አየች፣ በሩን ገፋች፣ ደረጃውን ወርዳ ወጣች። «ጥሩ» አለች። «አሁን ደግሞ እንሞክረው። ደወሉን እደውላለሁ፤ ሁሉም ሰው ሥራውን ትቶ በሁለቱም ደረጃ ግቢ ይውረድ። ጋሼ፣ እርስዎ ቀድመው ይውረዱና ይቁጠሩ።»

ወርጄ የግቢው በር አጠገብ ቆምኩ። ደወሉ ጮኸ። በመጀመሪያ ማንም አልመጣም። ከዚያ ከፊት ደረጃ ድምፅ ተሰማ፤ ወዲያው ከኋላው ደረጃም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ይመጣሉ። አሥራ ሁለት። ሃያ። ከኋላ ደረጃ የወጡት የሩዋንዳ ሰዎች ከፊት ከወጡት ከእኛዎቹ ጋር ይቀላቀላሉ፤ ቆጠራው እንዳይጠፋብኝ ጣቴን እየዘረጋሁ ነው። ነፍሰ ጡሯ ልጅ ብረቱን ይዛ ቀስ ብላ ወረደች፣ ሁለት ሰዎች ከፊቷ ሁለት ከኋላዋ ሆነው። አርባ። ሃምሳ። በረከት ሃምሳ አምስተኛ ሆኖ ወጣ፤ ግንባሩን በመሐረብ ይጠርጋል። እኔ ራሴን ጨምሬ ሃምሳ ስድስት።

አንድ ጎደለ።

«ማን ነው የቀረው?» ብዬ ጮህኩ። ሁሉም እርስ በርሱ ይተያያል። በዚያች ቅጽበት ልምምድ መሆኑ ከጭንቅላቴ ጠፋ፤ ወደ ደረጃው ሮጥኩ። አራት ደረጃ ያህል እንደወጣሁ ወይዘሮ ገነት ሲወርዱ ተገጣጠምን።

«የት ነበሩ?»

«ስልክ እያወራሁ» አሉ።

«ከዛሬ ጀምሮ ደወል ሲደወል ስልክ የለም!» ብዬ ተቆጣኋቸው። አለቃዬን! ድምፄ ግቢውን ሞላው። ሰው ሁሉ ትንፋሹን ያዘ። እሳቸው ግን «እሺ» አሉ፤ እንደ ልጅ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ሁሉም ወጥቷል?» አለችኝ ሂሩት ከላይ ስትወርድ።

«ሁሉም ወጥቷል» አልኳት። «ሃምሳ ሰባት።»

ሰዓቷን አየችና ራሷን ነቀነቀች። ወረቀቱን ግድግዳ ላይ አስደግፋ ፈረመች፤ «ስልሳ ሰው» ይላል። «ሦስት ሰው መጨመር ትችላላችሁ» ብላኝ ቆቧን አድርጋ ሄደች።

ሰው ወደ ላይ መመለስ አልፈለገም። ወይዘሮ ገነትም አላስቸኮሉም። የጠዋቷ ፀሐይ ግቢው ላይ ወጥታለች፤ ሰዎቹ ሦስትም አራትም እየሆኑ ቆመው ይስቃሉ፤ ማን ከሃያ ሁለት፣ ማን ከሩዋንዳ እንደሆነ ከሩቅ አይለይም። እኔ የኋላው ደረጃ የመጨረሻ እርከን ላይ ቁጭ አልኩ። በረከት መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ፤ ሁለታችን ደረጃውን ሞላነው።

«ምን ሆንክ? ዓይንህ ቀልቷል» አለኝ።

«ምንም» አልኩት። «ሁላችሁም ውጭ ናችሁ።»